በወንድሜ ድስት ላይ የገጠምኩት ሙቀት መለኪያ

ወንድሜ እርሳስ የሚያቀልጥበትን ድስት ሙቀት የሚለካው በቀርከሃ ነበር። ደረቅ ቀርከሃ በጣት ውፍረት ሰንጥቆ ጫፉን የቀለጠው እርሳስ ውስጥ ይነክርና በልቡ ይቆጥራል። አምስት ሲል ያወጣዋል። ጫፉ እንደ ተቆላ ገብስ ከቀላ እርሳሱ ደርሷል ማለት ነው፤ በጭልፋ እየቀዳ ቅርጽ ማውጫው ውስጥ ያፈሰዋል። ጫፉ ከጠቆረና ከጨሰ ግን ማራገቢያውን ያጠፋል፣ ከሰሉን በብረት ገፋ ያደርጋል፣ ከዚያ ከሚሠራበት የቆርቆሮ መጠለያ ወጥቶ አጥሩ ጥግ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል። ድስቱ እስኪበርድ ተመልሶ አይገባም። ሃያ ዓመት ያህል የሠራው በዚህ መንገድ ነው።

እኔ ይህን አሠራር ማየት አልወድም ነበር። እንጅባራ ላይ ትንሽ የኤሌክትሪክ ጥገና ቤት አለኝ። የወፍጮ ሞተር፣ የዳቦ ቤት ምድጃ፣ የጫጩት ማሞቂያ እጠግናለሁ። ሰው "ትንሽ ሞቅ ብሏል" ሲለኝ "ስንት ዲግሪ?" ብዬ የምጠይቅ፣ በዚህም ምክንያት ባለቤቴ እንግዳ ፊት የምታፍርብኝ ሰው ነኝ። ዳንግላ ወንድሜ ቤት በሄድኩ ቁጥር በቀርከሃው አበሽቀዋለሁ። እሱም አይተወኝም፤ ገና ከበሩ ሲያየኝ "ኢንጂነሩ መጣ፣ ወንበር አምጡለት" ይላል። ኢንጂነር አይደለሁም፤ እሱም ያውቃል።

በአሥራ ሁለት ዓመት ይበልጠኛል። አባታችን ሲሞት ትምህርቱን አቋርጦ እኔን ያስተማረኝ እሱ ነው። ጋሼ እያልኩ አደግሁ፣ እስከ ዛሬም ጋሼ ነው የምለው። ሥራው ያረጀ የመኪናና የባጃጅ ባትሪ ፈትቶ እርሳሱን ማቅለጥ ነው። ከእርሳሱም ለባትሪ ጠጋኞች የባትሪ ጫፍ ይሠራል፤ ለጣና አሳ አጥማጆች ደግሞ መረባቸውን ወደ ታች የሚጎትት ድብልብል ፍሬ ያወጣል። ድስቱን የሠራው ከከባድ መኪና የፍሬን ከበሮ ነው፤ ከሥሩ ክብ ላሜራ በይዶበታል። ከአዲስ ቅዳም ከተማ የሚመጣ ከሰል ከታች ይነዳል፣ አንዲት የኤሌክትሪክ ማራገቢያ ታራግበዋለች።

ያን ዓመት ከገና በፊት ሄጄ ሳየው ከስቶ አገኘሁት። ምግብ አልበላ ብሎታል፣ አፉ ብረት ብረት ይለዋል፣ ሆዱን ይቆርጠዋል። ጤና ጣቢያ ጨጓራ ነው ብለው ኪኒን ሰጥተውታል። መጠለያው ውስጥ ገብቼ ቀና ስል የጣሪያው ቆርቆሮ ከውስጥ በኩል ቢጫ ዱቄት ለብሶ አየሁ። በጣቴ ጠረግ አድርጌ አሸተትኩት፤ ሽታ የለውም። ያን ጊዜ ነው ፍርሃት የገባኝ።

እርሳስ ሲቀልጥ ብቻውን ያን ያህል ክፉ አይደለም። ክፉ የሚሆነው ከልክ በላይ ሲግል ነው፤ ያኔ በዓይን የማይታይ እንፋሎት ሆኖ ይነሣና በትንፋሽ ይገባል፤ ሲበርድ ደግሞ ያ ቢጫ ዱቄት ይሆናል። ይህን ተምሬዋለሁ። ለወንድሜም ቁጭ አድርጌ ነገርኩት። ሥራውን ተው አልኩት። "ተውኩት እንበል፤ በሃምሳ አምስት ዓመቴ ማን ይቀጥረኛል?" አለኝ። ስለዚህ ሌላ ነገር አሰብኩ፤ ሙቀቱን የሚለካ፣ ከአራት መቶ ሃያ ዲግሪ ሲያልፍ ማራገቢያውን በራሱ የሚያጠፋ መሣሪያ ልገጥምለት ወሰንኩ። እሱን ከዚያ ጢስ የማድነው በዚህ ነው ብዬ ከልቤ አምኜ ነበር።

ዕቃውን ባሕር ዳር ላለ ወዳጄ አዘዝኩ። ሦስት ነገር ነው፦ ቁጥሩን የሚያሳየው ሳጥን፣ እስክሪብቶ የሚያህለው የብረት መለኪያ፣ እና ሁለቱን የሚያገናኘው ልዩ ገመድ። መንገዱ ለሳምንታት ተዘግቶ ከረመ። ሲከፈት አንድ የሚኒባስ ሾፌር ሳጥኑንና መለኪያውን አመጣልኝ፤ ገመዱ አልተገኘም። መለኪያው ራሱ ይዞት የመጣው የገመድ ጅራት አንድ ሜትር ብቻ ነው። ሳጥኑ ደግሞ እሳት አጠገብ አይቀመጥም፤ ቢያንስ ሦስት ሜትር ራቅ ማለት አለበት።

ቤቴ ውስጥ የበር ደወል የምዘረጋበት የመዳብ ሽቦ ጥቅል ነበር። መለኪያው የተጠቀለለበት ወረቀት ላይ ስለ ሽቦ የሚያወራ፣ በጥቃቅን ፊደል የተጻፈ ማስጠንቀቂያ ነበረ። ተማሪ ሳለሁም መምህራችን ስለዚሁ ነገር አንድ ሰዓት ሙሉ እንዳወራ ትዝ ይለኛል፤ ምን እንዳለ ግን ትዝ አላለኝም። ሽቦ ሽቦ ነው አልኩና ቀጠልኩት። ኔትወርክ ጠፍቶ ስለነበር የማረጋግጥበት አልነበረኝም እያልኩ አንዳንዴ ራሴን አጽናናለሁ። ውሸት ነው። ሰው መጠየቅ እችል ነበር፣ ሌላ ሁለት ሳምንት መጠበቅም እችል ነበር። ያልጠበቅሁት ስለቸኮልኩና ስለኮራሁ ነው።

ደግሞም ፈትኜዋለሁ። እንጅባራ ቤቴ ጀበና የምታህል ማሰሮ ውሃ አፍልቼ መለኪያውን ነከርኩት፤ ዘጠና አንድ አለ። እኛ ዘንድ አገሩ ከፍ ያለ ስለሆነ ውሃ መቶ ሳይሞላ ነው የሚፈላው፤ ዘጠና አንድ ልክ ነው። ባለቤቴን ጠርቼ አሳየኋት። "ውሃ መፍላቱን ለማወቅ ይህ ሁሉ?" አለችኝና ወጣች።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ ቅዳሜ ጠዋት ዳንግላ ወረድኩና ገጠምኩት። ለመለኪያው የብረት ቱቦ ቆርጬ አንድ ጫፉን በብየዳ ደፈንኩት፤ እርሳሱ በቀጥታ እንዳይነካው ነው። ቱቦውን እሳት ዳር አቁሜ እስኪደርቅ ብዙ ጠበቅሁ። ውስጡ አንዲት ጠብታ ውሃ ብትቀር እርሳሱ ውስጥ ሲገባ ፈንድቶ የቀለጠውን ሁሉ ፊታችን ላይ ይረጨዋል። ቱቦው የድስቱን ግድግዳ እንዳይነካ፣ ላይ ላይ ከሚንሳፈፈው ቆሻሻም እንዲያልፍ፣ ከአልጋ ብረት በሠራሁት ክንድ አድርጌ መሐሉ ላይ አቆምኩት። በዚህ ሁሉ ተጠነቀቅሁ። ከዚያ የመለኪያው ጅራትና የእኔ መዳብ የሚገናኙበትን ቦታ አቧራ እንዳይነካው ባዶ የወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ ከተትኩና ጣሳውን ከምድጃው ጎን ያለው ምሰሶ ላይ በምስማር መታሁት። ሳጥኑን በር አጠገብ ሰቀልኩት።

ወንድሜ አማተበና እሳቱን ለኮሰ። ቀዩ ቁጥር መውጣት ጀመረ። ሁለት መቶ፣ ሦስት መቶ፤ እርሳሱ ከሥር መላላት ያዘ። አራት መቶ ሃያ ሲል ማራገቢያዋ ማንም ሳይነካት ቀጥ አለች። የወንድሜ ሚስት ከበሩ ላይ ሆና "ተመስገን" አለች። እኔ ደረቴን ነፍቼ ነበር፤ አልክድም።

ወንድሜ በልማዱ ቀርከሃ አነሣ። ነከረው። ሦስት እንኳ ሳይቆጥር ጨሰ፤ ሲያወጣው ጫፉ ከሰል ሆኗል። ቀርከሃውን ወደ እኔ አቀና።

"ጠቁሯል" አለ።

"ቀርከሃው የከረመ ነው ጋሼ።"

"ትናንት የሰነጠቅሁት ነው።"

"ጋሼ፣ ይህ በመሣሪያ የተለካ ነው። ቀርከሃ ዲግሪ አያውቅም። ቁጥሩን እመን።"

በአዊኛ የሆነ ነገር አጉተመተመ፤ አባታችን በሬ እምቢ ሲለው የሚላትን ነገር። ከዚያ ቁጥሩን አየ፣ እኔን አየ። እኔ ግድግዳው ሥር የነበረውን የቀርከሃ እቅፍ አንሥቼ ምድጃው ውስጥ ጨመርኩት። ለጨዋታ ነው ያደረግሁት፤ እሱም ሳቀ። "እሺ፣ ኢንጂነሩ ካለ" አለና ጭልፋውን አነሣ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ተቀየረ፤ እኔ ግን አላስተዋልኩትም። ድሮ ቀርከሃው ሲጠቁር ከመጠለያው ይወጣ ነበር። አሁን የሚያስወጣው ነገር የለም። ቁጥሩ አራት መቶ ሃያ እስካለ ድረስ ድስቱ ላይ አጎንብሶ ከጠዋት እስከ ማታ ይቀዳል። በስልክ ስጠይቀው "ቁጥርህ ደኅና ነው፣ ንቅንቅ አይልም" ይለኛል። ደስ ይለኛል።

ከአጥሩ ማዶ አንድ የጋሪ ፈረስ ያለው ጎረቤት አለ። ፈረሱን ከሥራ ሲመለስ እዚያው አጥር ሥር ሣር ላይ ያስረዋል። የካቲት አጋማሽ ላይ ሄጄ ሳለ ፈረሱ ሲተነፍስ ከመንገድ ማዶ ይሰማ ነበር። እየጎተተ፣ እንጨት በመጋዝ እንደሚቆርጡ ሁሉ። ባለቤቱ አፉን ከፍቶ ጉሮሮውን አይቶታል፤ የተሰነቀረ ነገር የለም። ትንሿን ዳገት እንኳ መውጣት አቅቶት ጋሪውን ሰዎች ገፍተውለታል። ወንድሜ "እርጅና ነው" አለ። ፈረሱ ሰባት ዓመቱ ነበር። ቀና ብዬ ቆርቆሮውን አየሁ፤ ቢጫው ዱቄት ወፍሮ በጠርዙ በኩል አጥሩ ሥር ያለው ሣር ላይ መርገፍ ጀምሯል። በልቤ አንድ ነገር ጠረጠርኩ። ግን ቁጥሩ አራት መቶ ሃያ ይላል። ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ፈረሱ ከሳምንት በኋላ ወድቆ ሞተ።

መጋቢት ላይ የወንድሜ ሆድ ቁርጠት ጠናበት። ጠበል ገባ፤ እዚያ ያለ ሥራ ሁለት ሳምንት ሲቀመጥ ትንሽ ተሻለውና በጠበሉ ዳነ ተባለ። ተመልሶ ድስቱ ላይ ቆመ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ በማርያም ንግሥ ቀን አብረን ቤተ ክርስቲያን ሄድን። በሩ ላይ ስንደርስ ሊያማትብ ቀኝ እጁን አነሣ። ክንዱ ተነሣ፤ እጁ ግን ከአንጓው ታጥፎ ወደ ታች ተንጠለጠለ። ጣቶቹን ሊያቀና ሞከረ፣ አልቀኑም። ግራ እጁን አምጥቶ ቀኝ እጁን ደገፈውና እንደዚያ አማተበ። ማንም አላየም ብሎ ወደ ጎን ዞር አለ። እኔ አየሁት። ቅዳሴው እስኪያልቅ የሰማሁት አንድም ቃል የለም።

በማግስቱ እሱ መነሣት አቅቶት ተኝቷል። ሚስቱ ምሳ ስታቀርብልኝ እንደ ዘበት አንድ ነገር አለችኝ።

"ያቺ ማራገቢያ ግን አትቆምም እኮ።"

"እንዴት አትቆምም እትዬ?"

"መጀመሪያ ቀን እንደቆመችው አትቆምም። አንዳንዴ ለትንሽ ትቆማለች፣ ወዲያው ትነሣለች። ቀኑን ሙሉ ስትጮህ ነው የምትውለው። ጆንያው ከሰል ድሮ ሳምንት ይሄድ ነበር፣ አሁን ሦስት ቀን አይሞላም።"

ምሳዬን አልጨረስኩም። መጠለያው ገብቼ እሳቱን ለኮስኩ፤ ቁጥሩ አራት መቶ ሃያ እስኪል ጠበቅሁ። ማራገቢያዋ ቆመች፣ ተነሣች፣ ቆመች፣ ተነሣች። ድስቱ ውስጥ ስመለከት የእርሳሱ ፊት ወርቅማና ሰማያዊ ቀለም እየተቀባባ ነበር። ይህ ቀለም በአራት መቶ ሃያ አይመጣም። ሽቦው ላልቶ እንደሆነ ላይ ብዬ ምሰሶው ላይ ያለውን ጣሳ ያዝኩት። ጣቴን አቃጠለኝ።

መምህራችን ያወራው ያ አንድ ሰዓት ሙሉ ተመልሶ መጣልኝ። መለኪያው የሚናገረው ከጫፉ እስከ ጅራቱ መጨረሻ ያለውን የሙቀት ልዩነት ብቻ ነው። ጅራቱን በተራ መዳብ ከቀጠልከው፣ መቀጠያው የጋለበትን ያህል ከቁጥሩ ላይ ይቀንሳል። ቤቴ ስፈትነው መቀጠያው ቀዝቃዛ ጠረጴዛ ላይ ነበር። እዚህ ግን ምድጃው ጎን፣ ጣሳ ውስጥ፣ እሳት ሲሞቅ ይውላል።

አሁንም ልቤ ማመን አልፈለገም። ማንቆርቆሪያ ለመንኩና ውሃ ጣድኩ። ውሃው ተንተከተከ። መለኪያውን ከቱቦው ስቤ አወጣሁት፣ በረድ እስኪል ያዝኩት፣ የሚፈላው ውሃ ውስጥ ነከርኩት። ጣሳው እንደጋለ ነው። ቁጥሩ ወረደ፣ ወረደ፣ ሃያ ሦስት ላይ ቆመ። እንፋሎቱ እጄን እየገረፈው፣ እኔ የገጠምኩት መሣሪያ ውሃው ቀዝቃዛ ነው ይላል።

ዳንግላ ውሃ የሚፈላው ዘጠና ሦስት ላይ ነው፤ መሣሪያው የሚያጎድለው ሰባ ዲግሪ ነው። እሱ አራት መቶ ሃያ እያለ ሲያጎነብስበት የነበረው ድስት አራት መቶ ዘጠና ነበር። ከጥምቀት ወዲህ፣ በሠራበት ቀን ሁሉ። ከጢሱ ላድነው ብዬ ጢሱን ያስነሣሁበት እኔ ነኝ። ድስቱ ሲግል ውጣ የሚለውን ነገር ደግሞ በገዛ እጄ እሳት ውስጥ ጨምሬዋለሁ። መሬቱ ላይ ተቀመጥኩ።

ሚስቱ መጥታ "ምን ሆና ነው?" አለችኝ።

"ማራገቢያዋ ተበላሽታለች" አልኳት። ሽቦዎቹን ሁሉ ነቀልኩ፣ ሳጥኑን በፌስታል ጠቀለልኩ። ወደ ወንድሜ ክፍል ገብቼ አልጋው ዳር ቆምኩ። ዓይኑን ገለጠ፤ እጄ ላይ ያለውን ፌስታል አየ። "ነገ ባሕር ዳር ሐኪም ዘንድ እንሄዳለን" አልኩት እንጂ የመጣሁበትን አልተናገርኩም።

ሐኪሟ ወጣት ናት። እጁን ገልበጥ አድርጋ አየች፣ ከንፈሩን ገልጣ ድዱን በእጅ ባትሪ አየች፤ ጥርሱ ሥር ጥቁር ሰማያዊ መስመር ነበር። ሥራው ምን እንደሆነ ጠየቀች። ሲነግራት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

"እርሳስ ደምዎ ውስጥ ገብቷል አባቴ። ደሙን አዲስ አበባ ልከን እናረጋግጣለን፤ እኔ ግን አልጠራጠርም። እጅዎ ይመለሳል አይመለስም አሁን ልነግርዎት አልችልም። ሕመሙ የባሰብዎት መቼ ነው?"

"ከጥምቀት ወዲህ።"

"ሃያ ዓመት ሠርተው አሁን እንዲህ በአንድ ጊዜ የባሰበት ምክንያት ይኖራል። ከጥምቀት ወዲህ በሥራው ላይ የተለወጠ ነገር አለ? አዲስ ዕቃ፣ አዲስ አሠራር? ይህን ማወቅ አለብኝ።"

ልናገር አፌን ስከፍት ያ የተንጠለጠለ የወንድሜ እጅ መጥቶ ጉልበቴ ላይ አረፈ። ወደ እኔ ግን አላየም።

"ምንም የተለወጠ የለም" አለ። "እንደ ድሮዬ ነው የምሠራ።"

ሐኪሟ ወደ እኔ ዞረች። "ወንድሙ ነዎት አይደል? እርስዎስ የሚያውቁት ነገር አለ?"

እጁ ጉልበቴ ላይ ነው። ክብደቱ ይሰማኛል።

"የለም" አልኩ።

አጎንብሳ ጻፈች። "የተለወጠ ነገር የለም" ብላ መጻፏ ከተቀመጥኩበት ይታየኝ ነበር። ስንወጣ ወንድሜ በረንዳው ላይ ቆሞ የኮቱን ቁልፍ ሊቆልፍ ታገለ፣ አልሆነለትም። ፊት ለፊቱ ቆሜ አንድ በአንድ ቆለፍኩለት። እስክጨርስ ቆመልኝ። ከዚያ "ና እንሂድ፣ የዳንግላ መኪና ይሞላል" አለኝ።